ከቤት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ቆጣሪው አብዷል፤ ጥፋቱ የላፕቶፔ ነው?

ሂሳብ ያዥዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ከቤት ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ እንጂ የቤት ሠራተኛ አይደለሁም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀደም አንድ ዘመዳችን ደውሎ «አሁን የት ነው የምትሠሪው?» ቢለኝ «ቤት» አልኩት። ወዲያው ለእናቴ ደውሎ «ምነው፣ ያን ያህል ተምራ» ብሎ አዘነላት።

ሥራዬ ሂሳብ መያዝ ነው። ከሰባት ወር በፊት ቢሮ መመላለሱ ቀረና ጓዜን ጠቅልዬ መኝታ ቤቴ ጥግ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ትራንስፖርት የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ጫማ ማድረግ እንኳ የለ። ደስታዬ የቆየው የመጀመሪያው ሙሉ ወር የመብራት ቢል እስኪመጣ ድረስ ነው።

ቢሮ እሄድ በነበረበት ጊዜ ቤታችን በወር 178 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነበር የሚጠቀመው። አሁን 282 ገብቷል። 104 ጨመረ ማለት ነው። የቤቱ ሰው ያው ሦስት ነው፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ክፍያው ደግሞ ከፍጆታው በላይ ነው የዘለለው። እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ይሄ ራሱ አልገባኝም። 282 የ178 እጥፍ አይደለም፤ እንጀራዬ መደመርና መቀነስ ነውና ይህችን አልስታትም።

እናቴ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። «ያ ኮምፒውተርሽ ነው ቤቱን የሚበላው» ትላለች። ቀኑን ሙሉ እየዞረች ሶኬት ትነቅላለች። ባለፈው ማክሰኞ ከአለቃዬ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ «ይሄ ደግሞ ለማን ነው የሚበራው?» ብላ ራውተሩን ነቀለችው። አለቃዬ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ወንድሜ በበኩሉ «ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውዪው አንቺ፣ ጭማሪውን አንቺ ቻይው» ይላል። ይሄን የሚለኝ ማታ ማታ ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር ያለው ልጅ ነው።

እኔ ያለ ማስረጃ አልከፍልም። ዕቃዎቼ እነዚህ ናቸው፦ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ 24 ኢንች ሞኒተር፣ ራውተር (እሱ ድሮም ሌት ተቀን ነበር የሚበራው)፣ የመኝታ ቤቴ አምፖል (መስኮቴ ከግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ቀንም አበራለሁ)፣ ስልክ ቻርጀር። ጠዋት ሲበርደኝ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ሂተር አለችኝ፤ አልፎ አልፎ ነው የማበራት። ሻይ እጠጣለሁ። በቃ።

ላፕቶፕ እውነት ይህን ያህል ይበላል? ቻርጀሩን ባልጠቀምበት ጊዜ ልንቀለው? ስክሪኑን ጥቁር ገጽ ላይ ባደርገው ይቆጥባል የሚባለውስ? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ቤት ውስጥ ተከስሻለሁ።


ኮድ ጸሐፊው

እህቴ፣ ለላፕቶፕሽ ጠበቃ ልቁምለት።

ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ያ ቻርጀሩ መስጠት የሚችለው ከፍተኛው ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚወስደው አይደለም። ባትሪው ሞልቶ ጽሑፍና ሠንጠረዥ እየሠራሽ ከሆነ ብዙ ላፕቶፖች ከ15 እስከ 40 ዋት ባለው ውስጥ ነው የሚጫወቱት። ሞኒተርሽን 25 እንበል። ሁለቱን ደምረሽ 60 ዋት ብትይ እንኳ በ9 ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ካለሽ 12 ገደማ ይሆናል። 104ቱን ፈጽሞ አይሞላም።

የስልክ ነገርማ ተይው። የአንድ ስልክ ባትሪ ከ15 እስከ 19 ዋት ሰዓት ነው የሚይዘው። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ከባዶ ብትሞዪው፣ ብክነቱን ጨምሮ 7 ወይም 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዓመት እኮ ነው የምልሽ። ስልክ ሳይሰካበት ሶኬት ላይ የተረሳ ቻርጀር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እናትሽ ሲነቅሉ ዝም በያቸው፤ አይጎዳም፣ ቢሉ ግን አይሰማውም።

ጥቁር ገጽ የሚቆጥበው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው። እዚያ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነው። በተለመደው ኤልሲዲ ሞኒተር ላይ ግን ከኋላ ያለው መብራት ያው ይበራል፤ ገጹ ጠቆረ ነጣ ለውጥ የለውም። ብርሃኑን ዝቅ ብታደርጊው ግን ይቀንሳል፤ ለዓይንሽም ደግ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናዘዝ። እኔ የምሠራው በትልቅ ዴስክቶፕ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ የጌም ነው። ሁለት ሞኒተር አለኝ። ለዓመታት ማታ አላጠፋውም ነበር። «ስክሪን ሴቨር በርቷል፣ ይቆጥባል» እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። ስክሪን ሴቨር እኮ ድሮ የነበሩትን ወፋፍራም ሞኒተሮች ምስል ተቃጥሎ እንዳይቀርባቸው የተፈጠረ ነገር ነው። መብራት አይቆጥብም። እንዲያውም የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከሆነ ካርዱን ያሠራዋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ከሰው ተውሼ ስለካው ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ 110 ዋት ይወስዳል። ሌት ተቀን ሲሆን በወር ወደ 80 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው! ጌም ሲከፈትበት 400 ይነካል። ስሊፕ ላይ (ሳይጠፋ ሲተኛ) ሲሆን 2 ዋት። ያን ቀን ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ 15 ደቂቃ ካልነካሁት እንዲተኛ አደረግኩት።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ወንድምሽ ኮምፒውተሩን ማታ ያጠፋዋል?


ነገር በደረቁ

ሁሉም ዋት ይቆጥራል፣ ቢሉን ያየ የለም። ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ከቆጣሪው የተነበበ ነው ወይስ በግምት የተሞላ? ግምት ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ዝቅ አድርገው ይጽፉና አንድ ቀን እውነተኛው ንባብ ሲመጣ ያለፈው ሁሉ ተጠራቅሞ ይወርድብሻል። መጀመሪያ ቆጣሪውን ሄደሽ እይ።


ሂሳብ ያዥዋ

@ነገር በደረቁ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አመሰግናለሁ። አይቼዋለሁ። የሥራ በሽታ ሆኖብኝ በየወሩ የቆጣሪውን ፎቶ አነሳለሁ። ከቢሉ ጋር ይገጥማል። ግምት አይደለም፣ እውነት በልተናል።

@ኮድ ጸሐፊው ወንድሜ «አጠፋለሁ» ይላል። ያጥፋም አያጥፋ ግን እሱ ድሮም ያው ነበር። የጨመረው እኔ ቤት ከዋልኩ በኋላ ነው። 12 ለእኔ ብትሰጠኝ 92 ኪሎዋት ሰዓት ባለቤት አጥቷል። የሰው ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ቢገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።


የሽቦ ሰው

ልጄ፣ 31 ዓመት ሽቦ ስጎትት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ቤት እንደገባሁ አልነግርሽም። ሁሉም የሚከሱት የሚታየውን ዕቃ ነው። ስክሪን ያለው፣ የሚጮኸው፣ ቀይ መብራት የሚያበራው ይከሰሳል። ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚያሞቀውን ማንም አይጠረጥርም።

አንድ ነገር ያዢልኝ። የሚያበራ፣ የሚያወራና የሚያሳይ ዕቃ ጥቂት ነው የሚበላው። ቤት የሚያፈርሰው የሚያሞቅ ዕቃ ነው። ውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ምድጃ፣ ሂተር፣ ቦይለር። ኤሲ ካላችሁ እሱንም ጨምሪበት። ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ ነው። የአንቺ ላፕቶፕና ሞኒተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመብላት ወደ 17 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ከጠረጴዛሽ ሥር ያለችው «ትንሽ» ሂተር በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለች። ትንሽነቷ በቁመቷ ነው እንጂ በሆዷ አይደለም። (ዋት የሚለው ስም የእንፋሎት ሞተርን ካሻሻለው ስኮትላንዳዊ ከጄምስ ዋት የመጣ ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲያፈላ የኖረ ነው፤ ስሙ ለዚህ ጉዳይ መዋሉ ተገቢ ይመስለኛል።)

ሂሳቡ ከፍጆታው በላይ ለምን ዘለለ ላልሽው፣ በብዙ ቦታ ታሪፍ ደረጃ ደረጃ አለው። ጥቂት ለሚጠቀም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ሲበዛ ከፍ ይላል። አንቺ የጨመርሽው 104 ከላይ ባለው ውድ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው። መልካሙ ነገር፣ ስትቀንሺም መጀመሪያ የሚቀነሰው ያው ውዱ ነው። የቢልሽን ጀርባ አንብቢው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፏል።

አሁን ወደ ሥራው። መለኪያ መግዛት የለብሽም፤ ቤትሽ በር ላይ አንድ ተሰቅሎልሻል። ዲጂታል ቆጣሪ ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ፣ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። የአንድን ዕቃ ፍጆታ ማወቅ ከፈለግሽ ሌላውን ሁሉ አጥፊና 6 ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሪ። በ10 ስታባዢው ዋቱን ይሰጥሻል። 6 ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥረኛ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ 1600 ወይም 3200 ከሆነ ብልጭታዋ ያነሰች ናት፤ አካፍለሽ ድረሺበት፤ ሂሳብ ለአንቺ አላስተምርም። የሚሽከረከር ሳህን ያለው የድሮ ቆጣሪ ከሆነም ዙሩ ስንት እንደሆነ ፊቱ ላይ ተጽፏል። በዓይንሽ ብቻ እይ። ክዳኑን፣ ማኅተሙን፣ ሽቦውን እንዳትነኪ።

ቴርሞስታት (ሙቀቱን እያየ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ያለው ዕቃ ግን በ6 ደቂቃ አይለካም። ፍሪጅ፣ ካውያና ቦይለር ይነሳሉ፣ ይተኛሉ። ፍሪጅ 150 ዋት ይላል ብለሽ በ24 ብታባዢው ውሸት ነው የሚወጣው። ለእነሱ ጠዋት ቁጥሩን ጽፈሽ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እይ። አንዱን ቀን አብርተሽ፣ አንዱን ቀን አጥፍተሽ፣ ልዩነቱን ያዢ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ቦይለር አላችሁ? ቢሮ ትሄጂ በነበረ ጊዜ ማነው የሚያጠፋው? አሁንስ?

ሌላም ልናገር፣ ከሂሳብ ይበልጣልና። ያቺን ሂተር ከኮምፒውተርሽ ጋር አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰክተሻት ከሆነ ዛሬውኑ ንቀያት። ቀጭን ገመድ ላፕቶፕ ይችላል፤ ሂተር አይችልም። 2000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። መሰኪያው በእጅሽ ስትነኪው ከሞቀ ወይም ጫፉ ከጠቆረ ያ የመብራት ሂሳብ ጉዳይ አይደለም፣ የእሳት ጉዳይ ነው። ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ።


ነገር በደረቁ

ጋሼ፣ ቦይለርን ግን ሳያጠፉ መተው ይሻላል ይባል የለም? ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ማሞቁ ነው ብዙ የሚፈጀው ሲሉ ሰምቻለሁ።


የሽቦ ሰው

ይባላል፣ ስህተት ነው። የሞቀ ጋን ዙሪያው ካለው አየር ጋር በሙቀት በተራራቀ ቁጥር ፈጥኖ ሙቀቱን ያፈሳል። ሌት ተቀን ትኩስ አድርገህ ከያዝከው ሌት ተቀን ያፈሳል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያፈሰውም እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከመታጠብህ በፊት አብርተህ፣ ሲሞቅ ማጥፋት ምንጊዜም ያነሰ ነው የሚፈጀው። ልዩነቱ ጋኑ ምን ያህል ተሸፍኗል በሚለው ይወሰናል።

ቴርሞስታቱን ግን «እቆጥባለሁ» ብላችሁ ለብ ያለ ላይ አትተዉት። 60 ዲግሪ ይድረስ። ለብ ብሎ የሚከርም ውሃ ሌጂዮኔላ ለሚባል ባክቴሪያ ይመቻል፤ ሳንባ ላይ ነው የሚወጣው።


ለማን ብዬ

እናንተ ሰዎች ብልጭታ ቁጠሩ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ድርጅቱ ድሮ ለእሷ ጠረጴዛ አምፖል ያበራ ነበር፣ ሻይ ያፈላ ነበር፣ ክፍል ያሞቅ ወይም ያቀዘቅዝ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ወደ እናቷ ቆጣሪ ተዛወረ። ለምን አይከፍልም?

ሌላው ዓለም እኮ በዚህ ላይ ሕግ አውጥቷል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የርቀት ሥራ ሕግ ከቤት የመሥራት ወጪን አሠሪው እንዲችል ደንግጋለች። ጀርመን ከ2020 ጀምሮ ከቤት ለተሠራ ለያንዳንዱ ቀን ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ተቀናሽ ትፈቅዳለች። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ውልሽን ግን አንብቢው። ምንም ካልተጻፈ ጠይቂ። «መብራት በላብኝ» ብለሽ ሳይሆን ቁጥር ይዘሽ ግቢ። የሂሳብ ሰው ቁጥር ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል።


ሂሳብ ያዥዋ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ስቆጥር ነበር። ጎረቤቶች ቆጣሪ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ ምን እንዳሉ ባላውቅ ይሻለኛል።

ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎን ላመስግን። ሂተሯ እንዳሉት ኤክስቴንሽኑ ላይ ነበረች። መሰኪያው በእጅ አይያዝም፣ ሞቋል። ያኔውኑ ነቀልኳት።

ውጤቱን ላምጣ። ላፕቶፕና ሞኒተር አብረው 60 ዋት፣ ኮድ ጸሐፊው እንዳለው። 12 ኪሎዋት ሰዓት በወር። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያሳፈረኝ።

የመኝታ ቤቴ አምፖል የድሮው ዓይነት ነው፣ ባለ ክሩ፣ 60 ዋት። አስቡት፣ ከላይ የተሰቀለች አንዲት አምፖል ከመላው «ቢሮዬ» ጋር እኩል ትበላለች። ሌላ 12። እንደዚህ ዓይነቱ አምፖል ከሚወስደው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው ሲባል፣ ጋሼ «የሚያሞቅ» ያሉት ትዝ አለኝ። ብርሃን ያላት ሂተር ናት። በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኳት፣ ክፍሉ እንዲያውም ፈካ።

ሻይ። አምስት ጊዜ እጠጣለሁ በቀን። አምስት ጊዜም ማፍያውን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ ነበር የማፈላው፣ 1.7 ሊትር፣ ለአንድ ስኒ። ቀሪው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና አፈላዋለሁ። አንድ ሙሉ ማፍላት 0.18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ስኒ የሚበቃውን ብቻ ብሞላ 0.03 ነበር። በወር 16 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት የፈሰሰው ላልጠጣሁት ውሃ ነው። ላፕቶፑ ሲከሰስ ማፍያው ጎኑ ቆሞ ይስቅ ነበር ማለት ነው።

ሂተሯን «አልፎ አልፎ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ዋሽቻለሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ሳስተውል በየቀኑ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ትበራለች። 1000 ዋት ናት። በወር 24። አሁን እግሬ ላይ ብርድ ልብስ ነው የማደርገው፤ ካልሲም በላዩ። ቪዲዮ ላይ እስከ ደረት ድረስ ብቻ ነው የምታየው፣ ማን ያውቃል።

እና ቦይለሩ። ጋሼ፣ እርስዎ ሳያዩት እንዴት አወቁት? ድሮ ጠዋት እታጠባለሁ፣ ከቤት ስወጣ በሩ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ጫን አድርጌ እወጣለሁ። ቁልፌን እንደማንሳት ያለ ልማድ ነበር፤ አስቤው አላውቅም። ከቤት መሥራት ስጀምር በዚያ በር መውጣቴ ቀረ፤ ማጥፋቱም አብሮ ቀረ። እናቴ እኔ የማጠፋው ይመስላታል። ወንድሜ ምንም አይመስለውም። ሰባት ወር ሙሉ ሌት ተቀን በርቶ ነበር። ያበራሁበትንና ያጠፋሁበትን ቀን ሳነጻጽር ልዩነቱ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 36። ከሁሉም ትልቁ ሌባ እሱ ነው፤ ምንም ድምፅ የለውም፣ ስክሪን የለውም።

ስደምረው 100 ተኩል መጣ። 104 ላይ 3 ተኩል ጎደለ። ያንን ለእናቴ የከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ጽፌዋለሁ። ድሮ ብቻዋን ስለሆነች ትተኛ ነበር፤ አሁን እኔ ስላለሁ አብራ ትቆያለች። ያንን አልነካውም።

@ለማን ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። ሦስት መስመር ኢሜይል ነው የጻፍኩት፤ የላፕቶፑን፣ የሞኒተሩንና የአዲሱን አምፖል ብቻ። በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። «የቦይለሩንም ጨምሪ» ያለኝ ጓደኛ ነበር። እንዴት ብዬ? የድርጅቱ ሥራ የሚሠራው በሻወር አይደለም። ገና እሺም እምቢም አላለኝም። ሰንጠረዡን አያይዤለት ስለነበር አንዷን ቁጥር ጠቅሶ «ይህች እንዴት ነው የወጣችው?» ብሎ ጠይቋል፤ ሂሳብ ያዥ ነውና ደስ ሳይለው አልቀረም።


ኮድ ጸሐፊው

ላፕቶፑ በነጻ ተሰናበተ ማለት ነው! እናትሽ ምን አሉ?


ሂሳብ ያዥዋ

ቁጭ አድርጌ በሠንጠረዥ አሳየኋት። ቦይለሩ ላይ ስደርስ ዝም ብላ አየችኝና «እኔስ ድሮም ኮምፒውተሩ ነው ያልኩት፤ እሱ ባይመጣ አንቺ ቤት ትውዪ ነበር?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም። አስቡት እስቲ፣ ልክ ናት።

አሁን የቦይለሩን ማጥፊያ የምትጠብቀው እሷ ናት። ሻወር ገብቼ ሳሙና እንደተቀባሁ ሁለት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አግኝቶኛል። የቆጣሪው የቀን አማካይ ግን ከ9.4 ወደ 6.3 ወርዷል፤ ስለዚህ አልጮህኩም።

ዛሬ ማታ የወንድሜን ኮምፒውተር ለመለካት አስቤ ነበር። በሩን ቆልፎብኛል።